ለጀማሪ ለሳኞች፦ ከማንኪያው በፊት ቱንቢው

ውድ ልጆቼ፣

በልስን ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ብዙ ጀማሪዎች የመጀመሪያ ክፍያቸውን በሚያብረቀርቅ የልስን ማንኪያ ላይ ሲያውሉ አይቻለሁ። ማንኪያ ማልታውን፣ ማለትም የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኮውን፣ ግድግዳው ላይ ያደርሳል እንጂ ግድግዳውን ቀጥ አያደርገውም። ያ የስታጃ (ልስኑን የምናስተካክልበት ረጅም ቀጥ ያለ ዘንግ)፣ የቱንቢ (በክር የሚንጠለጠል ክብደት) እና የውሃ ልክ (ልኩን በአረፋ የሚያሳይ መሣሪያ) ሥራ በመሆኑ፣ ገንዘባችሁ ጥቂት ከሆነ ከእነዚህ ጀምሩ፤ ማንኪያውስ የትም አይጠፋም።

ስታጃ ስትገዙ ሁለት ሜትር ገደማ የሚረዝም አሉሚኒየም ምረጡ፤ ከመክፈላችሁ በፊትም አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጠርዙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቱት። ውሃ ልክ የሚፈተነው እዚያው ባለሱቁ ፊት ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ አረፋዋ የቆመችበትን ልብ በሉ፤ ከዚያም ግራና ቀኙን አዙራችሁ እዚያው ቦታ ላይ መልሱት። አረፋዋ ወደ ሌላ ጎን ከሸሸች መሣሪያው ይዋሻል። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ክፍል ለስኜ፣ በማግስቱ አለቃዬ ቱንቢ ቢያወርድበት ግድግዳው ሁለት ጣት ያህል አዘንብሎ ተገኘ፤ ልስኑን በመሮና በመዶሻ ያራገፍኩትም እኔው ነበርኩ። ቱንቢ ግን ነፋስ ካላወዛወዘው በቀር አያሳስትም።

መላ ግድግዳውን ከመሙላታችሁ በፊት ከራሱ ከማልታው ስታጃው የሚንሸራተትባቸው ቀጥ ያሉ መሪ መስመሮችን በቱንቢ ልክ ሥሩ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከስታጃው ርዝመት ማነስ አለበት፤ አለዚያ ስታጃው የሚንሸራተትበት አያገኝም።

ጀማሪን ከሁሉ የሚያስቸግረው ፍራታዞ፣ ማለትም የልስኑን ገጽ የምናሽበት ጠፍጣፋ እንጨት ነው። (ስታጃም ፍራታዞም ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ቃላት ናቸው።) የሚታሸው ልስኑ ውሃውን መጠጥ ሲያደርግ፣ ማለትም በጣት ስትጫኑት ምልክት እየያዘ ጣትን የማያቆሽሽበት ሰዓት ላይ ሲደርስ ነው። የቸኮለ ልስኑን ይጎትተዋል፤ የዘገየ ደግሞ ይደርቅበትና ደረቅ ሲሚንቶ ይነሰንስበታል። ይህን ፈጽሞ አታድርጉ፤ ላዩ ላይ የሚፈጠረው ሲሚንቶ የበዛበት ስስ ቆዳ እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ይሞላል። በብረት ማለስለሻ አብዝቶ ማሸትም የሲሚንቶውን ውሃ ወደ ላይ ስለሚስበው ያንኑ ጉዳት ያመጣል።

ስለ ማልታው አጭር ነገር ልበል፦ ለአንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት እስከ አራት እጅ የተነፋ አሸዋ ይበቃል፤ የምታቦኩትም በአንድ ሰዓት ውስጥ የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ይሁን። ብሎኬቱን ቀድማችሁ አርጥቡት፤ ልስኑንም ቢያንስ ለ7 ቀናት ውሃ አጠጡት። ሲሚንቶ ቆዳ ስለሚያቃጥል ያለ ጓንት አትሥሩ።

ማታ ላይ ማልታው ሳይደርቅ መሣሪያዎቹን እጠቡ፤ ደርቆ የተጣበቀውን በብረት መፋቅ የማንኪያውን ጠርዝ ያበላሻል። ስታጃውን ሰው እንዳይረግጠው ከመሬት አንሱት፤ የእንጨቱን ፍራታዞ ግን እንዳይጣመም ፀሐይ ላይ አታስጡት።