ሰማያዊው ሰውዬ አይሞትም እንዴ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምሠራው ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ያለ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው። አንድ ስዊድናዊ እንግዳ የሥዕል መጽሔት ረስቶ ሄደ። ሽፋኑ ላይ «ፋንቶሜን»፣ ከሥሩ ደግሞ «ቴማ» ይላል። ሦስት ታሪክ አለው። በአንዱ ጭምብል ያጠለቀ ሰውዬ በሸራ መርከብ ላይ ከባሕር ወንበዴዎች ጋር ይዋጋል። በሌላው መኪና ይነዳል። ልብሱ ያው፣ መልኩ ያው! አይሞትም እንዴ? አጎቴ ደግሞ «የማውቀው ፋንተም ወይን ጠጅ ነው የሚለብሰው፤ ይሄ ሰማያዊው ፎርጅድ ነው» አሉኝ።

መልስ፦ ፎርጅድስ አይደለም፤ «ፋንቶሜን» ያው የሥዕል ታሪኩ ጀግና የፋንተም የስዊድንኛ ስሙ ነው። አጎትሽም አልተሳሳቱም። አሜሪካኖቹ ወይን ጠጅ አለበሱት፣ ስዊድኖቹ ሰማያዊ፣ ጣሊያኖቹ ቀይ።

እኔ ስዊድን ተማሪ ሳለሁ ቋንቋቸውን የለመድኩት ከዚሁ መጽሔት ነው። «ዳቦው ስንት ነው?» ማለት ሳልችል «እጅ ወደ ላይ!» ማለት እችል ነበር። ዳቦ ቤት ምን ይጠቅማል?

ገጸ ባሕርዩን በ1936 የፈጠረው አሜሪካዊው ሊ ፎክ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። የስዊድኑ መጽሔት በ1950 ተጀመረ። ከ1960ዎቹ ወዲህ ስዊድኖቹ አዳዲስ ታሪኮችን ራሳቸው ያዘጋጃሉ።

«ቴማ» ጭብጥ ማለት ነው። በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ያሉ ታሪኮች አንድ ላይ የተጠረዙበት እትም ነው። ግራ የገባሽም በዚሁ ምክንያት ነው። የመርከቡ ሰውዬና የመኪናው ሰውዬ አንድ አይደሉም። በታሪኩ መሠረት የመጀመሪያው ፋንቶሜን በ1536 አባቱን ወንበዴዎች ገደሉበት። ወንበዴዎችን ሊዋጋ በገዳዩ ራስ ቅል ላይ ማለ። እሱ ሲሞት ልጁ ያንኑ ልብስ ለበሰ፣ ከዚያ የልጅ ልጁ፤ ያሁኑ ሃያ አንደኛው ነው። ጠላት ግን ሁሌም ያው ሰው ይመስለዋል። 1536 እኛ ዘንድ የግራኝ ጦርነት ዘመን ነው፤ ዐፄ ልብነ ድንግል ከቦታ ቦታ የሚሸሹበት። እስኪ አስቢው፣ ከዚያ ጀምሮ አንድ ልብስ!

ስለዚህ ዘመኑን ከፊቱ አትፈልጊው። መርከቡን፣ መሣሪያውን እዪ።

ዓይኑንም እዪ። ብሌን የለውም፤ ከጭምብሉ ውስጥ ነጭ ብቻ ነው። ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሄደሽ ከሆነ የመቅደሱን ግድግዳ ታስታውሺዋለሽ። የቅዱሳኑ ታሪክ እዚያም በሥዕል፣ በየክፍሉ ነው የተተረከው፤ ደጎቹ በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ክፉዎቹ ብዙውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን። የኛ ሠዓሊዎች ፋንቶሜንን ቢያገኙት የት ሊያቆሙት ነው?

መጽሔቱን ግን በላስቲክ ጠቅልለሽ አስቀምጪው፤ የሐይቁ እርጥበት ወረቀት አይምርም። እንግዳው ሊመለስበት ይችላል። ሦስተኛውን ታሪክ ደግሞ አልነገርሽኝም። የቀኝ እጁ ቀለበት በመታው ሰው አገጭ ላይ የራስ ቅል ምልክት ያትማል። ማን ላይ እንዳረፈ ጻፊልኝ።