የፍለክስ ጥያቄዎቻችሁ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ወልዲያ

ሰላም የወሎ ልጆች! ስለ ኤሌክትሪክ ፍለክስ፣ ማለትም አንድን ገጽ አቋርጦ ስለሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፊልድ መጠን፣ ያስቸገራችሁን ላኩልኝ ባልኩት መሠረት መልሶቹ እነሆ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ 0.5 ሜትር ካሬ ስፋት ያለው ሰሌዳ 200 ኒውተን በኩሎምብ ከሆነ ዩኒፎርም (በሁሉም ቦታ እኩል የሆነ) ፊልድ ጋር 30 ዲግሪ ይሠራል። በኮሳይን 30 አባዝቼ 86.6 አገኘሁ፤ መልሱ ግን 50 ይላል።

አብሽር፣ ቀመሩን (ፊልድ ሲባዛ ስፋት ሲባዛ የዲግሪው ኮሳይን) ይዘኸዋል። የሳትከው ዲግሪውን ነው። የሚለካው ከሰሌዳው ሳይሆን ለሰሌዳው ቀጥ ብሎ ከቆመው መስመር ስለሆነ 60 ይሆናል። ሰፌድ ለነፋስ ፊት ለፊት ስትይዘው ነፋሱን ሙሉ ይቀበላል፤ በጠርዙ ስታዞረው ሽው ብሎ ያልፈዋል። ጥያቄው «ከሰሌዳው ጋር» ካለ አስምርበት፤ ፈተና ላይ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚች ጋ ነው።

ከሐይቅ፦ ቻርጁ ከተዘጋው ሰርፌስ ውጭ ቢሆንስ?

ጠቅላላው ፍለክስ ዜሮ ነው። የገባው የፊልድ መስመር ሁሉ ይወጣል።

ከወልዲያ፦ ፍለክሱ ዜሮ ከሆነ ፊልዱም ዜሮ ነው ማለት ነው?

በጭራሽ! እኩል ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቻርጅ ሳጥን ውስጥ ብታስገባ ጠቅላላው ፍለክስ ዜሮ ነው፤ የሳጥኑ ግድግዳ ላይ ግን ፊልድ አለ።

ከደሴ፦ 8.85 ናኖኩሎምብ ቻርጅ ኩብ መሃል ቢሆን የአንዱን ፊት ፍለክስ ለማግኘት ጠቅላላውን ለ6 እናካፍላለን። የኩቡ አንድ ማዕዘን ላይ ቢቀመጥስ?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ኢንቴግራል ሳትነኪ በማሰብ ብቻ ይፈታል። በጋውስ ሕግ ቻርጁን ኤፕሲሎን ዜሮ ለሚባለው ቋሚ ቁጥር፣ ማለትም ለ8.85 ሲባዛ 10 ሲነሣ በኔጌቲቭ 12 ስናካፍል፣ ጠቅላላው 1000 ኒውተን ሜትር ካሬ በኩሎምብ ነው። አሁን ቻርጁ ያለበት ማዕዘን ላይ ስምንት እኩል ኩቦች እንዲገናኙ አድርገሽ ደርድሪ፤ ቻርጁ የትልቁ ኩብ እምብርት ላይ ዋለ። የአንዱ ኩብ ድርሻ 125 ነው። ቻርጁን የሚነኩት ሦስት ፊቶች ግን ምንም አያገኙም፤ መስመሮቹ በላያቸው ተንሸራተው ይሄዳሉ እንጂ አይበሷቸውም። 125ቱን የቀሩት ሦስቱ እኩል ይካፈሉታል፤ ለእያንዳንዱ 41.7 ገደማ። አላመንሽም? የትልቁ ኩብ አንድ ፊት 166.7 ነው፤ ለአራት ትንንሽ ፊቶች አካፍይው።

ከመርሳ፦ ግማሽ ሉል በዘንጉ አቅጣጫ ዩኒፎርም ፊልድ ውስጥ ቢሆን የግድ ኢንቴግሬት ማድረግ አለብኝ?

የለብሽም እህቴ። አፉን በጠፍጣፋ ክብ ክደኚው። ውስጡ ቻርጅ ስለሌለ በክቡ የገባው በጉልላቱ ይወጣል፤ መልሱ ፊልድ ሲባዛ ፓይ ሲባዛ ሬዲየስ ካሬ ነው። የጉልላቱ ስፋት የክቡ እጥፍ ቢሆንም ፍለክሱን እጥፍ እንዳታደርጊው።