መርከበኛው አለቃዬ

ወጣት ሆኜ ስኳር ፋብሪካ ስቀጠር አለቃዬ የቀድሞ የባሕር ኃይል ሰው ነበሩ። ሠራተኛው ሁሉ «መርከበኛው» ነበር የሚላቸው። እኛ ጀማሪዎቹ ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ዞር ሲሉ ግን እንደ ሰዉ «መርከበኛው» እንላለን። በቅርቡ አረፉ፤ ዕድሜ ጠግበው ነው። ለቅሶ ቤት አንድ ወጣት ኢንጂነር «የባሕር ኃይል መኮንን ከስኳር ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ጠየቀኝ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ስለ ቦይለር (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ ትልቅ ማሽን) ውሃ ማውራት ደግ አይደለም ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ልመልስለት፤ እናንተም ስሙ።

መጀመሪያ ስለ ባሕር ኃይሉ። ለብዙዎቻችሁ ተረት ሳይመስላችሁ አይቀርም። ኢትዮጵያ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ሰፈር ነበራት፣ ኮሌጅም ነበራት፣ ሲቋቋም ኖርዌጂያን መኮንኖች ብዙ ረድተዋል። ትልቋ መርከብ ስሟም «ኢትዮጵያ» ነው፦ አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን እንድታገለግል የሠሯት፣ 95 ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ በ1954 ዓ.ም. ወደኛ የመጣች። ጋሼ የሞተር ክፍል ሰው ነበሩ። ነጭ ዩኒፎርም ለብሰው የተነሡት ፎቶ ሳሎናቸው ተሰቅሏል፣ ያምራል። እሳቸው ግን ያ የሰልፍ ቀን ልብስ ነው ይሉ ነበር፤ የቀረው ጊዜ ዘይት፣ ጩኸትና ሙቀት ነው። ምጽዋን የሚያውቅ ሰው ከብረት ሥር ያለውን ሙቀት መገመት አያቅተውም።

መርከብ ላይ ትልቁ ጣጣ ምን ይመስላችኋል? ውሃ ነው። ዙሪያው ሁሉ ባሕር ሆኖ የሚጠጣ የለም፤ የሞተሩ ማቀዝቀዣም ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ የባሕሩ ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ይቀዘቅዝና ንጹሕ ውሃ ይሆናል፣ ጨዉ የበዛበት ቅሪት ወደ ባሕር ይመለሳል። አንዲት ቀዳዳ ወይም ያልጠበቀች ብሎን ካለች ግን ጨዉ ሾልኮ ንጹሑ ውስጥ ይገባል። ሰው ቀምሶ የማያውቀውን ጨው ሞተሩ ያውቀዋል፤ ብረቱን ይበላዋል። መፈተኛው ቀላል ነው። ጥቂት ውሃ በብርጭቆ ቱቦ ትቀዳላችሁ፣ ሲልቨር ናይትሬት የሚባል ኬሚካል ጠብ ታደርጋላችሁ፣ ጨው ካለ ወተት እንደነካው ይደፈርሳል። ጋሼ በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ሌት ተቀን ሲያደርጉት የኖሩት ይህንን ነው።

ከአብዮቱ በኋላ ከባሕር ኃይል ወጡ። ምክንያቱን አውርተውን አያውቁም፣ እኛም አልጠየቅንም፤ የዚያን ጊዜ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር አይጠያየቅም ነበር። ከዚያ የትምህርት ዕድል አገኙና ምሥራቅ ጀርመን፣ መርሰቡርግ የሚባል ከተማ ያለው የኬሚስትሪ ቴክኒክ ኮሌጅ ገቡ። ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። አብረዋቸው የተቀመጡት ልጆች ገና ጢም እንኳ በቅጡ አላበቀሉም፣ ቋንቋው አዲስ ነው፣ መኮንን ነበርኩ ቢሉ የሚሰማቸው የለም። ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላችሁ «አለፈብኝ» እያላችሁ የምትጽፉልኝ ልጆች ይህቺን መስመር ሁለቴ አንብቧት።

አሁን ወደ ስኳሩ። አገዳ ተጨምቆ የሚወጣው ጭማቂ አብዛኛው ውሃ ነው። በኖራ ይጣራል፣ ከዚያ ተራ በተራ በተደረደሩ ኢቫፖሬተር የሚባሉ ማፍያ በርሜሎች ውስጥ እየፈላ ይወፍራል፤ የመጀመሪያው በርሜል እንፋሎት ሁለተኛውን ያፈላል፣ የሁለተኛው ሦስተኛውን፣ መጨረሻው ላይ አየሩ ተመጦ ስለሚወጣ (ቫኪዩም ይሉታል) ከ100 ዲግሪ በጣም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ጋሼ መጀመሪያ ጊዜ ይህንን ሲያዩ «ይሄማ የኔ ማሽን ነው» አሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። መርከቡ ላይ ማሽኑ እንፋሎቱን ያስቀርና ቅሪቱን ይጥላል፣ ፋብሪካው ላይ ቅሪቱ ነው ገንዘቡ። ሌላው ሁሉ ያው ነው፦ ሙቀት፣ ግፊት፣ በቱቦ ላይ የሚጋገር ቆሻሻ፣ ቦታውን ስቶ የሚሾልክ ነገር።

ደግሞ እንፋሎቱም አይጣልም። ወደ ውሃ ተመልሶ ቦይለር ውስጥ ይገባል። እዚህ ጋ ነው የመርከቡ ልምድ የተፈለገው። ጭማቂ ሾልኮ ቦይለር ውስጥ ከገባ ስኳሩ በሙቀት ይፈርስና አሲድ ይሆናል፣ ውሃው አረፋ ይሠራል፣ ቱቦው ይበላል፣ አረፋው በእንፋሎት እስከሚዞረው ሞተር፣ እስከ ተርባይኑ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ውሃው አልፋ ናፍቶል በሚባል ኬሚካልና በሰልፈሪክ አሲድ ይፈተሻል፤ ስኳር ካለ በመሐል ሐምራዊ ቀለበት ይታያል። ያኔ ያ ውሃ ወደ ቦይለር መሄዱ ይቀርና ይፈሳል። ትናንት ጨው ነበር፣ ዛሬ ስኳር ሆነ። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ የመጣሁት ሰውዬ የስኳርና የመርከብን ነገር እንዲህ አገናኝቼ ለማየት እሳቸው አጠገብ መቆም ነበረብኝ። ትምህርቱ አንሶኝ አይደለም። አንድን ነገር እስከ ሥሩ የያዘ ሰው ሌላ ቦታ ሲያየው ቶሎ ያውቀዋል፣ አሥር ነገር ላይ ላዩን የነካ ግን ሁሉም አዲስ ይሆንበታል።

መዝገብ ላይ ግን ኃይለኛ ነበሩ። አንድ ሌሊት ተረኛ የነበረ ልጅ በየሰዓቱ የሚሞላውን ቅጽ በጥሩ ሁኔታ ሞልቶ አስረከበ። ሁሉም ቁጥር ደህና ነው። ጋሼ ቁጥሩን አላዩም፣ የእጅ ጽሑፉን አዩ። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት ፍጥነት፣ አንድም የተሰረዘ የለም። «ይህን የጻፍከው በአንድ ቁጭታ ነው» አሉት። ልጁ አልካደም። አልጮሁበትም፣ አላባረሩትምም። በሚቀጥለው ሌሊት ወንበር ይዘው መጡና አጠገቡ አደሩ፣ በየሰዓቱ አብረው እየፈተሹ። ያ ልጅ ኋላ ጎበዝ ፎርማን ወጣው። እንደ እኔ እንደ እኔ ማስጠንቀቂያ ጽፈው ቢሰጡት ኖሮ የሚማረው ቅጹን በሁለት እስክሪብቶ መሙላት ነበር።

በ1982 የካቲት ምጽዋ ስትወድቅ፣ በ1983 ግንቦት ደግሞ መርከቦቹ ከወደብ ወጥተው ሲበተኑ ጋሼ ሥራቸውን አላቋረጡም። «ኢትዮጵያ» የመን ደረሰች፣ ኋላም ለብረቷ ተሸጠች። ስለዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ ብቻ ሲናገሩ ሰምቻለሁ፣ ያሉትንም ለራሴ ልያዘው።

እንግዲህ ለጠየቀኝ ልጅና ለመሰሎቹ። ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተመርቃችሁ «ዘርፉ የለም» እያላችሁ ቤት ከተቀመጣችሁ፣ በአካባቢያችሁ ቦይለር ያለበትን ቤት ቁጠሩ፦ ቢራ ፋብሪካ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ወተት ማቀነባበሪያ፣ ትልቅ ሆስፒታል፣ ትልቅ ሆቴል። ብዙዎቹ ጋ የውሃው ነገር የሚታሰበው ቱቦ ሲፈነዳ ነው። የውሃ ጥንካሬ (ቱቦ ላይ የሚጋገረው ማዕድን ብዛት)፣ ፒኤች (አሲድነቱ) እና ክሎራይድ (ጨዉ) መለካት በደንብ ተለማመዱና ሄዳችሁ «የቦይለራችሁን ውሃ ልፈትሽላችሁ» በሉ፤ መጀመሪያ ቀን ብር አትጠይቁ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ትምህርት ጨርሳችሁ በውጭ መርከቦች የሞተር ክፍል የምትሠሩትም እንደዚሁ፤ ባሕሩ ሲሰለቻችሁ እጃችሁ ላይ ያለውን ሙያ የሚፈልግ ፋብሪካ እዚህ አለ። የያዛችሁትን ሎግ ቡክ (የየዕለቱን የሥራ መዝገብ) ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ፣ ኩባንያው ከፈቀደ።