ከመፍረዳችሁ በፊት የሰማችሁትን ንገሩን

ልጆቼ፣

ስለ ሮክ አልበም፣ ስለ ኮንሰርት፣ ስለ ሙዚቃ ፊልምና ስለ ሙዚቀኞች የሕይወት ታሪክ የምትጽፉትን አነባለሁ። አንዳንዶቻችሁ ገና ሳይወጣ ረቂቁን ትልኩልኛላችሁ። ይህን እንደ ትልቅ አክብሮት ነው የምቆጥረው። የእኔ ሙያ ድምፅ ነው። ወጣትነቴም ጉልምስናዬም ያለፈው ከሚክሰር ጀርባ ቆሜ የሌሎችን ሙዚቃ ሳስተካክል ነው። ስለዚህ የምመክራችሁ በጆሮው እንጀራ እንደበላ ሰው ነው።

በብዙ ረቂቆች ላይ አንድ ነገር አያለሁ። ጽሑፉ በፍርድ ይጀምራል። «ምርጥ አልበም»፣ «የማይረሳ ኮንሰርት»፣ «ከአሥር ስምንት»። ፍርዱ ደረሰኝ፤ የሰማችሁት ግን አልደረሰኝም። ዘፋኙ ከፍ ሲል ድምፁ ተሰነጠቀ ወይስ ያዘለት? ድራሙ ወደፊት ይገፋል ወይስ ትንሽ ዘግየት ይላል? ቤዙ የት ገባ? አንባቢ የሚፈልገው በእናንተ ጆሮ መስማት ነው። ነጥቡን ራሱ ይሰጣል።

በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ረዘም ስለሚል ታገሡኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ዘ ባንድ የሚባል የሮክ ቡድን ነበር። አምስት ሰዎች ናቸው፤ አራቱ ካናዳውያን፣ ድራመሩና ዘፋኙ ሌቨን ሄልም ብቻ የአሜሪካዋ የአርካንሶ ልጅ። ጊታሪስቱ ሮቢ ሮበርትሰን ነው። ቤዝ የሚጫወተው ሪክ ዳንኮ፣ ፒያኖ ሪቻርድ ማኑኤል፣ ኦርጋን ጋርዝ ሃድሰን። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1968 ወጣ። ኖቬምበር 25 ቀን 1976፣ በአሜሪካውያን የምስጋና ቀን፣ ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ዊንተርላንድ አዳራሽ የስንብት ኮንሰርት አደረጉ። 5,000 ያህል ሰው ገባ። ትኬቱ 25 ዶላር ነበር፤ ለዚያ ዘመን ውድ ነው። አዘጋጁ ቢል ግሬሃም ግን ለታዳሚው ሁሉ የበዓሉን የተርኪ እራት አብልቷል። እንግዶቹን ብትሰሙ ትገረማላችሁ፦ ቦብ ዲላን፣ ጆኒ ሚቸል፣ ኒል ያንግ፣ ቫን ሞሪሰን፣ ኤሪክ ክላፕተን፣ ማዲ ዋተርስ። ሌሎችም አሉ።

ከዚያች አንድ ምሽት አራት ሥራ ወጣ። ማርቲን ስኮርሴዚ «ዘ ላስት ዋልትዝ» የተባለውን ፊልም ሠራ፤ በ1978 ለእይታ በቃ። በዚያው ዓመት ባለ ሦስት ሸክላ አልበም ወጣ። በ1993 ሄልም የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። በ2016 ሮበርትሰን የራሱን አሳተመ። አራቱም ስለዚያች ምሽት ይመሰክራሉ፤ ግን አይስማሙም። አልበም፣ ኮንሰርት፣ ፊልምና መጽሐፍ መገምገም ለሚፈልግ ወጣት ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላውቅም።

ከፊልሙ እንጀምር። ስኮርሴዚ ፊልሙን የሚከፍተው በኮንሰርቱ የመጨረሻ ዘፈን ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሁለቱ ዘፈኖች፣ ስቴፕል ሲንገርስና ኤሚሉ ሃሪስ የሚዘፍኑባቸው፣ ዊንተርላንድ ውስጥ አልተቀረጹም። በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ለካሜራ ተብለው የተሠሩ ናቸው። በኒል ያንግ አፍንጫ ላይ ይታይ የነበረ ነጭ ነገር እንኳ በኋላ ከምስሉ ላይ ተጠርጓል። ይህን የምነግራችሁ ፊልሙን እንድትንቁት አይደለም፤ እኔ ከምወዳቸው የሙዚቃ ፊልሞች አንዱ ነው። ግን «ያን ምሽት እንዲህ ሆነ» ብላችሁ ስትጽፉ የትኛውን ምሽት ማለታችሁ እንደሆነ እወቁ፤ አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ነው ወይስ ስኮርሴዚ ቆርጦ የቀጠለውን?

ሌላም አለ። የፊልሙ ፕሮዲውሰር ራሱ ሮበርትሰን ነበር። ይህን ይዛችሁ እንደገና እዩት። ካሜራው ደጋግሞ የሚመለሰው ማን ጋ ነው? በቃለ መጠይቁ ላይ ብዙ የሚያወራው ማነው? ሄልም በመጽሐፉ ውስጥ በምሬት የሚያነሳው ይህንኑ ነው፤ ማኑኤልና ዳንኮ ተገፍተው ሮበርትሰን የቡድኑ አለቃ መስሎ ወጣ ይላል። ወደ ፊልሙ መጨረሻ፣ ሁሉም አንድ ላይ በሚዘፍኑበት ትዕይንት የማኑኤል ድምፅ ይሰማል። እሱን ራሱን ለማየት ግን አንገት ማስረዘም ያስፈልጋል።

እኔ ለእንዲህ ዓይነት ፊልም አንድ ዘዴ አለኝ። አንዴ በደንብ ካያችሁት በኋላ ፊታችሁን ከስክሪኑ አዙራችሁ ስሙት። የምር ነው የምላችሁ። ምስሉ ሲጠፋ ካሜራው የረሳቸው ሰዎች ይመጣሉ። የዳንኮ ቤዝ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ዘለል ዘለል እያለ ክፍተት ይተዋል። ሄልም ደግሞ ያንን ክፍተት ያውቀዋል። ሃድሰን ከኋላ ሆኖ በኦርጋኑ ቀለም ይቀባል። ስለ እነዚህ ሦስት ነገሮች አንድ አንቀጽ ብትጽፉ የማንም ሰው ጽሑፍ ላይ የሌለ ነገር ትጽፋላችሁ።

ስለ ማዲ ዋተርስም ልንገራችሁ። ሄልም እንደጻፈው ሰዓት አይበቃም ተብሎ ማዲን ከዝግጅቱ ለማውጣት ታስቦ ነበር። ሄልም ተቆጣና ሐሳቡ ቀረ። ማዲ መድረክ ሲወጣ ደግሞ ሌሎቹ ካሜራዎች ፊልም ለመቀየር ቆመው ነበር። ላዝሎ ኮቫክስ የተባለው ካሜራማን ግን የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ስለነበር የ«አቁም» ትእዛዙን አልሰማም። መቅረጹን ቀጠለ። ዘፈኑ ዛሬ በፊልሙ ላይ ሊኖር የቻለው በዚህ ነው። ካሜራው ከማዲ ፊት አይነቃነቅም። አዛውንቱ ብሉዝ ዘፋኝ ዓይናችንን ይዞ አይለቅም። ይህን የማያውቅ ገምጋሚ «ዳይሬክተሩ ሆን ብሎ ካሜራውን አላንቀሳቀሰም» ብሎ ያደንቃል። ያየው ነገር ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ነው የተሳሳተው። ስለዚህ ያያችሁትን በልበ ሙሉነት ጻፉ። ለምን እንደዚያ ሆነ ለማለት ግን መጀመሪያ አንብቡ፣ ጠይቁ።

አልበሙ ላይ አጭር ልሁን። «ላይቭ» ተብሎ የወጣ ቢሆንም ብዙው ክፍል በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ እንደገና ተቀርጿል። በሙያችን ይህ የተለመደ ነው። መድረክ ላይ ማይክ ይጠፋል፣ አንዱ መሣሪያ በሌላው ማይክ ይገባል፣ ጊታር ከቅኝት ይወጣል። ማስተካከል ነውር የለውም። ግን «በዚያ ምሽት አንድም ስህተት አልሠሩም» ብላችሁ እንዳትጽፉ።

አሁን ወደ መጽሐፎቹ። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ እኛ አማርኛ አንባቢዎች ይህን ጠብ ከፈረንጆቹ በተሻለ የምንረዳበት ምክንያት አለና።

ጠቡ የማን ዘፈን ነው የሚል ነው። በመጀመሪያው አልበም ላይ ሮበርትሰን በደራሲነት የተጠቀሰው በአራት ዘፈን ነው። ማኑኤልም፣ ከዲላን ጋር የሠራውን ጨምሮ፣ በአራት። ቆይቶ ግን የሮበርትሰን ስም ሌሎቹን ሸፈናቸው። ገንዘቡም ስሙን ተከትሎ ሄደ። በአሜሪካ የዘፈን ባለቤትነት የሚሰጠው ለግጥምና ለዜማ ነው። ዘፈኑን መሬት ያስያዘው የድራም አመታት፣ ጆሮ ላይ የሚቀረው የቤዝ መስመር፣ የኦርጋኑ መግቢያ፣ እነዚህ በተለምዶ ድርሻ የላቸውም። የእኛን ካሴት ልባስ ግን አስታውሱ። «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» ተብሎ ለየብቻ ይጻፋል። አቀናባሪው ስም አለው። ክፍያው ሁልጊዜ ፍትሐዊ ነበር ማለቴ አይደለም። ሥራው ግን ሥራ ተብሎ ተቆጥሯል። የሄልም ጩኸት በእኛ ቋንቋ ሲነገር «ቅንብሩ የሁላችንም ነበር» ማለት ነው። የሮበርትሰን መልስ ደግሞ «ቁጭ ብዬ የደረስኩት እኔ ነኝ» ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ሁለቱም ስለተለያየ ሥራ ነው የሚያወሩት።

ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማብቂያ የሚተርከውን «ዘ ናይት ዘይ ድሮቭ ኦልድ ዲክሲ ዳውን» የተባለውን የ1969 ዘፈን ስሙ። የደራሲው ስም ሮበርትሰን ነው፣ የካናዳ ልጅ። የተሸናፊውን የደቡብ ገበሬ ድምፅ ይዞ የሚዘፍነው ሄልም ነው። ሄልም በመጽሐፉ ላይ ሮበርትሰን ታሪኩን እንዲያጠና ወደ ቤተ መጻሕፍት እንደወሰደው ይናገራል። እኔ ግጥሙ የሮበርትሰን መሆኑን አልጠራጠርም። ግን ሄልም ባይዘፍነው ያን ገበሬ የምናምነው አይመስለኝም። ለዚህ ማስረጃዬ ድምፁ ነው። ቃላቱን የሚጎትትበት ቦታ፣ እየዘፈነ ድራሙን የሚመታበት ክብደት። ሁለት ሰዎች መጽሐፍ ላይ ሲጣሉ እናንተ ወደ ሸክላው ተመለሱ። ሸክላው ሁሉንም አይነግራችሁም። ማን ምን እንዳደረገ ግን ብዙ ይነግራችኋል።

የሕይወት ታሪክ ስታነቡ የታተመበትን ዓመት ተመልከቱ። ማኑኤል በ1986 ሞተ። የሄልም መጽሐፍ የወጣው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው፤ ሐዘኑ በየገጹ አለ። ቁጣው ከየት እንደመጣ የሚገባችሁ ይህን ስታስቡ ነው። የሮበርትሰን መጽሐፍ ሲወጣ ደግሞ ዳንኮም ሄልምም አርፈዋል፤ ዳንኮ በ1999፣ ሄልም በ2012። መልስ መስጠት አይችሉም። ይህ ሮበርትሰንን ውሸታም አያደርገውም። በጣም ጥሩ ተራኪ ነበር፤ የወጣትነታቸውን የመንገድ ሕይወት እንደ እሱ የነገረን የለም። ገምጋሚው ግን ባዶውን ወንበር ማየት አለበት። በጽሑፉም አንድ ዓረፍተ ነገር ለዚያ ወንበር መስጠት አለበት።

እናንተ ራሳችሁ ኮንሰርት ስትሄዱም ይኸው ነው። የቆማችሁበትን ቦታ ንገሩን። አዳራሽ ውስጥ ድምፅ በየቦታው አንድ አይደለም። ግድግዳ ጥግ ቤዙ ያብጣል። ከድምፅ ማጉያው ፊት ለፊት ዘፋኙ ጆሮ ይበሳል። ከሚክሰሩ አጠገብ የቆመ ሰው ባለሙያው የሚሰማውን ይሰማል። «ድምፁ መጥፎ ነበር» ብላችሁ አንድ የድምፅ ባለሙያ ከመክሰሳችሁ በፊት ከቻላችሁ ቦታ ቀይሩ። እባካችሁ የጆሮ መከላከያም ያዙ፤ የተጎዳ ጆሮ አይመለስም፣ ስንት ጎበዝ ባልደረባዬ በዚህ ሲጎዳ አይቻለሁ። ማስታወሻችሁን ደግሞ በዚያው ምሽት ጻፉ። ካደረ የራሳችሁ ትዝታ ከሌሎች ቪዲዮና ወሬ ጋር ይቀላቀላል።

የግል ግምገማ ስለሆነ «እኔ» ማለት አትፍሩ። ዘፈኑ እናታችሁን ካስታወሳችሁ ጻፉት። ግን የትኛው ድምፅ፣ የትኛው ቦታ ላይ እንዳስታወሳችሁ ጨምሩበት። ያኔ እናታችሁን የማላውቀው እኔም ያን ቦታ ሄጄ እሰማዋለሁ።

ረቂቅ ስትልኩልኝ አንድ ነገር አደራ። ራስጌው ላይ በምን እንደሰማችሁ ጻፉልኝ፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ በመኪና ነው ወይስ በቤት ቴፕ? የስልክ ድምፅ ማጉያ ዝቅተኛውን ድምፅ አያወጣም። በእሱ ሰምቶ «ቤዙ ደካማ ነው» ለሚል ሰው መጀመሪያ የምመልስለት የጆሮ ማዳመጫ ተውሶ እንደገና እንዲሰማ ነው። ከዚያ ስለ ዳንኮ እናወራለን።