የፖይንሴቲያ ሻጋታና የቅጠል ጠርዝ ቃጠሎ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በፕላስቲክ ቤት የማሳድገው ፖይንሴቲያ (ለጌጥ የሚሸጥ የአበባ ተክል) ብራክቱ (ባለቀለሙ የላይኛው ቅጠል) ከቀላ በኋላ ጠርዙ ላይ ቡናማ ነጥብ ይወጣል፤ ከዚያ ግራጫ ሻጋታ ይለብሳል። የፈንገስ መድኃኒት ብረጭም አልቆመልኝም።

መልስ፦ ሁለት ችግር ተከታትሎ ነው የመጣብዎት። ቀድሞ የመጣው ቃጠሎው ነው፤ ግራጫው ሻጋታ፣ ማለትም ቦትራይተስ፣ የሞተውን ጠርዝ አግኝቶ ገባ። መድኃኒቱ ቃጠሎውን ስለማይነካው ሻጋታው ሁልጊዜ አዲስ መግቢያ ያገኛል።

ጠርዙ የሚሞተው ካልሲየም ስላልደረሰው ነው። ካልሲየም የሚጓዘው ከውሃ ጋር ነው፣ ውሃ ደግሞ ብዙ ወደሚተንበት ክፍል ያመራል። ብራክት ከአረንጓዴው ቅጠል ያነሰ ውሃ ያተናል፤ ቤቱ በእርጥበት ሲታፈንማ ትነቱ ከነጭራሹ ሊቆም ይደርሳል። ስለዚህ ማሰሮው ውስጥ ካልሲየም ሞልቶ እያለ ጠርዙ ይራባል። በዚያ ላይ ቀለም ከያዘ በኋላ ማዳበሪያ፣ በተለይ አሞኒየም (አንዱ የናይትሮጅን ዓይነት)፣ ሳይቀነስ ከቀጠለ ቃጠሎው ይብሳል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ካልሲየሙን በምን መጠን ልርጨው?

መልስ፦ 27 በመቶ ካልሲየም ያለውን ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት ከሆነ የያዙት፣ ለ100 ሊትር ውሃ 150 ግራም ይበቃል፤ 400 ፒፒኤም (በአንድ ሊትር 400 ሚሊ ግራም) ካልሲየም ይሰጣል። ውሃ አልባው (36 በመቶ) ከሆነ 110 ግራም። መለያውን ሳያዩ አይመዝኑ፤ መጠኑ ሲያልፍ ርጭቱ ራሱ ያቃጥላል። የመጀመሪያው ቀለም ብቅ ሲል ጀምረው እስከ ሽያጭ በሳምንት አንዴ፣ ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ፣ በደቃቅ ጠብታ ይርጩ። ትልቅ ጠብታ ሲደርቅ ነጭ ምልክት ይተዋል። ሰልፌት ወይም ፎስፌት ካለበት ነገር ጋር አይቀላቅሉት፣ ይዘቅጣል። የተቃጠለውን ጠርዝ አይመልስም፤ ያልተነካውን ነው የሚያድነው።

ጥያቄ፦ ሙቀት እንዳይወጣ ማታ ሁሉንም እዘጋለሁ። ጠዋት ፕላስቲኩ ያንጠባጥባል።

መልስ፦ የበሽታው ዋና ምንጭ እሱ ነው። ቀን ላይ የሞቀው አየር ብዙ እርጥበት ይሸከማል፤ ዘግተውበት ሲቀዘቅዝ ውሃው ፕላስቲኩና ቅጠሉ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። የቦትራይተስ ዘር ቅጠሉ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ከቆየለት ይበቅላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ማሞቂያውን ያስነሱና መስኮቱን በከፊል ከፍተው እርጥቡን አየር ያስወጡ፤ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ይዝጉ፣ ሌሊትም ይድገሙት። ማሞቂያ ከሌለ የላይኛውን መስኮት ጥቂት ከፍተው ይተዉ፣ ፋኑም ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ። የአየር እርጥበቱ ከ85 በመቶ በታች ይሁን። ውሃ ጠዋት ብቻ ያጠጡ፣ ወለሉ ሳይመሽ ይድረቅ። 15 ሳንቲ ሜትር ማሰሮ ከሆነ ከመሐል እስከ መሐል ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ይስጡት፤ ቅጠል ከቅጠል ከተደራረበ ፋን አይረዳውም።

ጥያቄ፦ እኔ ዘንድ የተቃጠለው አረንጓዴው ቅጠል ነው፣ ጠርዙ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል።

መልስ፦ መካከለኛዎቹ ቅጠሎች ላይ ከሆነና ጠርዛቸው ወደ ላይ ከተጠቀለለ የሞሊብዲነም (ተክሉ በጥቂቱ የሚፈልገው ንጥረ ነገር) እጥረት ይጠርጥሩ። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ሲወርድ ተክሉ አያገኘውም፤ ከ5.8 እስከ 6.3 ይያዙት። ሶዲየም ሞሊብዴት 2.5 ግራም በ1 ሊትር ውሃ ያሟሙና ከዚያ 100 ሚሊ ሊትር ለ1000 ሊትር የማዳበሪያ ውሃ ይጨምሩ፤ 0.1 ፒፒኤም ነው።

የታችኞቹ ከሆኑና የሥሩ ጫፍ ከጠቆረ ግን ጨው ነው። ውሃ ካጠጡ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከታች 50 ሚሊ ሊትር እስኪወጣ ድረስ የተጣራ ውሃ ያፍስሱበት፣ የወጣውን ይለኩ። ኢሲው (የጨው መጠን መለኪያ፣ በሚሊሲመንስ በሴንቲ ሜትር) ከ4 ካለፈ በንጹህ ውሃ ይጠቡት።

ጥያቄ፦ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ይጠወልጋል።

መልስ፦ ሥሩን በጣት ይዘው ይሳቡት። ቅርፊቱ ተላጥቶ ክር ብቻ ከቀረ ፒቲየም (ሥር የሚያበሰብስ በሽታ) ነው፤ ግንዱ አፈር ላይ ቡናማና ደረቅ ቁስል ካለው ራይዞክቶኒያ (ግንድ የሚያበሰብስ የአፈር ፈንገስ)። በሁለቱም የታመመውን ተክል ከማሰሮው ጋር ያስወግዱ፣ ጎረቤቶቹን በአፈር መድኃኒት ይከላከሉ። የውሃ ቱቦ ጫፍ ወለል ላይ አይጣል፤ ፒቲየም በዚያ በኩል ይገባል።

ጥያቄ፦ ነጭ ዱቄት የመሰለውስ?

መልስ፦ ፓውደሪ ሚልዲው የሚባል ሻጋታ ነው። ይሄኛው የውሃ ጠብታ አይፈልግም። ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ይደበቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ላይኛው ገጽ ላይ ትንሽ ቢጫ ነጥብ ካዩ ቅጠሉን ገልብጠው የታችኛውን ገጽ ይመልከቱ። በየሳምንቱ ይፈትሹ፤ የታመመውን ቅጠል እዚያው በላስቲክ ከረጢት ያሽጉ፣ ገልጦ መሸከም ዘሩን በቤቱ መበተን ነው።

ጥያቄ፦ ብራክቱ ቀለም ከያዘ በኋላ የፈንገስ መድኃኒት መርጨት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን አንዳንዱ ብራክት ያቃጥላል፣ ዱቄቱ ደግሞ ነጭ ቅሪት ይተዋል። መጀመሪያ ጥቂት ማሰሮ ላይ ሞክረው ለአንድ ሳምንት ይዩት። አንድ ዓይነት መድኃኒት አይደጋግሙ፤ በየርጭቱ የአሠራር ቡድኑን (ፈንገሱን የሚገድልበትን መንገድ) ይለውጡ፤ ቦትራይተስ መድኃኒት ቶሎ ይለምዳል። ከሁሉ የሚሻለው ዋናውን ርጭት ቀለም ሳይመጣ መጨረስ ነው።