ትንሽ መኖ በልቶ የሚያድግ ቆሮሶ በመረጣ ይገኛል ወይ?

ጥያቄ፦ በሐዋሳ አካባቢ በሁለት ኩሬዎች ቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ አረባለሁ። ከኑግ ፋጉሎ፣ ከስንዴ ፉርሽካና ከአኩሪ አተር የማዘጋጀው መኖ ከወጪዬ ከግማሽ በላይ ይወስዳል። ዶሮ አርቢዎች በጥቂት መኖ ብዙ ሥጋ የሚሰጥ ዝርያ እንዳላቸው አውቃለሁ። እኔም በየምርቱ ትልልቆቹን ዓሦች ለርቢ እያስቀረሁ ብሄድ መኖ ቆጣቢ ዘር ላገኝ እችላለሁ?

መልስ፦ የመኖ ወጪ የሚያስጨንቀው እርስዎን ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ በመኖ በሚካሄድ የዓሣ እርባታ ከጠቅላላው ወጪ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ለመኖ ይውላል። ለጥያቄዎ በአጭሩ ለመመለስ፣ ፈጥነው የሚያድጉ ዓሦችን ለርቢ መምረጥ የመኖ አጠቃቀምንም በተወሰነ ደረጃ ያሻሽላል፤ ከኩሬ ውስጥ ትልልቆቹን ማስቀረት ግን ፈጥነው የሚያድጉትን መምረጥ ላይሆን ይችላል።

በዓሣ መረጣ ከተገኙት ትልልቅ ውጤቶች አንዱ ሳልሞን የተባለው የኖርዌይ ዓሣ ነው። ኖርዌያውያን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከ40 ያህል ወንዞች የሳልሞን ዘር ሰብስበው ዝርያ ማሻሻል ሲጀምሩ በዋናነት የመረጡት የዕድገት ፍጥነትን ነበር። ከአምስት ትውልድ በኋላ የተመረጠው ሳልሞን ከዱሩ ሳልሞን ጋር በአንድ ዓይነት አያያዝ አድጎ ሲነጻጸር፣ ዕድገቱ ከእጥፍ በላይ ሆኖ የመኖ አጠቃቀም ብቃቱም በ20 በመቶ ያህል ተሽሎ ተገኝቷል። ይህ የተገኘው እያንዳንዱ ዓሣ የበላው መኖ ሳይለካ ነው። ዓሣ ከሚበላው ከፊሉን ለመተንፈስ፣ ለመዋኘትና በሕይወት ለመቆየት ስለሚያውለው፣ ለገበያ የሚደርስበት ጊዜ ባጠረ ቁጥር ለዚህ የሚውለው መኖም ይቀንሳል።

ይሁን እንጂ ዓሣ እንደ ዶሮ ሰውነቱን ለማሞቅ ጉልበት አያወጣም። በሕይወት ለመቆየት ብቻ የሚፈልገው መኖ ከመነሻውም አነስተኛ በመሆኑ፣ በዕድገት ፍጥነት ብቻ የሚገኘው ቁጠባ በዶሮ ላይ ከታየው ያነሰ ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ እኩል በልተው የበለጠ የሚያድጉትን ዓሦች አንድ በአንድ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሥራው የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው።

ዶሮን ለብቻዋ በቆጥ አስቀምጦ የሰጧትንና ያስተረፈችውን መመዘን ይቻላል። ዓሣ ግን በመቶዎች ሆኖ በአንድ ውኃ ውስጥ ይበላል፤ የተረፈው መኖ ይሰጥማል ወይም ይሟሟል፤ ጉልበተኛው ደካማውን ከመኖው ያባርረዋል። ለብቻው ቢያስቀምጡት ደግሞ ከመንጋው የተለየ ዓሣ ጠባዩ ስለሚለወጥ የሚገኘው ልኬት በኩሬ የሚሆነውን ላያሳይ ይችላል። ተመራማሪዎች ካወጧቸው ዘዴዎች አንዱ በኤክስሬይ የሚታዩ ደቃቅ የብርጭቆ ቅንጣቶችን ከመኖው ጋር መቀላቀል ነው። ዓሦቹ አንድ ጊዜ ከተመገቡ በኋላ በማደንዘዣ ፈዝዘው አንድ በአንድ በኤክስሬይ ይነሣሉ፤ በሆዳቸው ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ተቆጥረው የእያንዳንዱ ድርሻ ይሰላል። ነገር ግን ዛሬ ብዙ የበላ ዓሣ ነገ ጥቂት ሊበላ ስለሚችል፣ ልኬቱ ተደጋግሞ ካልተሠራ የሚታመን አይሆንም። በቆሮሶ ላይ የተሞከረው ሌላው ዘዴ ጥቂት ዓሦችን በተለያየ ቀለም ምልክት አድርጎ በመስታወት ገንዳ ማኖር፣ መኖውን ፍሬ በፍሬ መወርወርና የትኛው ዓሣ የትኛውን ፍሬ እንደዋጠ ከቪዲዮ መቁጠር ነው። ለአንድ ገንዳ እንኳ የብዙ ሰዓት ቪዲዮ ማየትን የሚጠይቅ ሥራ ነው። በዚህ ምክንያት ምርምሩ ወደ ተዘዋዋሪ መለኪያዎች እያዘነበለ ነው። ለምሳሌ ስብ ማከማቸት ቀይ ሥጋ ከመገንባት የበለጠ መኖ ስለሚፈጅ፣ ፊንላንድ ውስጥ ትራውት በተባለ ዓሣ ላይ የተካሄደ ጥናት ስብ የማያበዙትን መምረጥ የመኖ አጠቃቀምን ሊያሻሽል እንደሚችል አሳይቷል።

ወደ እርስዎ ኩሬ ስንመለስ፣ ትልልቆቹን ብቻ ማስቀረት የማያዋጣው በቆሮሶ ተፈጥሮ ምክንያት ነው። ወንዱ ከሴቷ ፈጥኖ ያድጋል። ሴቷ ዕንቁላሏንና የተፈለፈሉትን ጫጩቶች በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ ለአሥር ቀናት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ እምብዛም አትመገብም፤ ይህም በተደጋጋሚ ይመጣባታል። ስለዚህ በመጠን ብቻ ሲመርጡ የሚያስቀሩት በአብዛኛው ወንዶችን ነው። ከዚህም በላይ ቆሮሶ በጥቂት ወራት ዕድሜው መራባት ጀምሮ በየጊዜው ስለሚፈለፍል፣ በአንድ ኩሬ ውስጥ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ዓሦች ይደባለቃሉ። ትልቁ ዓሣ የተሻለ ዘር ያለው ሳይሆን በዕድሜ የሚበልጠው፣ አለዚያም ሌሎቹን ከመኖ የሚያባርረው ሊሆን ይችላል። ትልልቆቹን ሸጦ ትንንሾቹን ለርቢ ማስቀረት ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው፤ በብዙ አርቢዎች ዘንድ የተለመደ ስለሆነ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈልግም።

ስለዚህ መረጣ ከፈለጉ በአንድ ሳምንት ውስጥ የተፈለፈሉ ጫጩቶችን ከብዙ እናቶች ሰብስበው ለብቻቸው ያሳድጉ። ዕድሜያቸው ከአራት እስከ አምስት ወር ሲሆን ወንዱን ከወንድ፣ ሴቷን ከሴት ጋር ብቻ በማወዳደር ይምረጡ። ቁጥራቸውም አይነስ። 25 ወንድና 25 ሴት በእኩል ድርሻ ቢራቡ የዘመዳሞች ርቢ በየትውልዱ 1 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በ2 ወንድና በ20 ሴት ብቻ ቢያራቡ ግን ጭማሪው ወደ 7 በመቶ ይጠጋል። ይህም በጥቂት ትውልድ ውስጥ የዕድገት መቀነስና የጫጩት ሞት ያስከትላል፤ በመረጣ ያገኙትንም ያሳጣዎታል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የመኖ መዝገብ ይያዙ። 20 ኪሎ ጫጩት አስገብተው 170 ኪሎ ዓሣ ቢያወጡና 300 ኪሎ መኖ ቢጨርሱ፣ ለ150 ኪሎ ጭማሪ 300 ኪሎ፣ ማለትም ለአንድ ኪሎ ሁለት ኪሎ አውጥተዋል። ይህን ቁጥር ሳያውቁ መሻሻሉንም መባሱንም ማወቅ አይቻልም። በእኔ ግምት ወንድና ሴት በተደባለቀበት ኩሬ መኖ ከሚባክንባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ሳይፈለጉ የተፈለፈሉ ጫጩቶች ናቸው፤ ወንዶቹን ብቻ ለይቶ ማሳደግ ከማንኛውም መረጣ ቀድሞ ውጤት ይሰጥዎታል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዝርያው የተሻሻለ ቆሮሶ ከውጭ አገር ማስገባት አይቀልም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የተሻሻለ ዘር መኖሩ እውነት ነው። ዛሬ ወርልድፊሽ የሚባለው የዓሣ ምርምር ተቋም ከፊሊፒንስና ከኖርዌይ አጋሮቹ ጋር በ1988 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ጊፍት የተባለው ዝርያ ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የተወሰዱ የዱር ዓሦችን በእስያ ከሚረቡት ጋር በማዳቀል የተገኘ ሲሆን፣ ዕድገቱ በየትውልዱ በአማካይ ከ10 እስከ 15 በመቶ ተሻሽሏል። ግብፅም አባሳ በሚገኘው ማዕከል የራሷን ዝርያ አውጥታለች።

እኛ ግን የቆሮሶ የትውልድ አገር ነን። የጣና ቆሮሶ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ሆኖ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ተመዝግቧል። ኩሬ በክረምት ጎርፍ ሲጥለቀለቅ ዓሣ ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ ማምለጡ የማይቀር ነው፤ ባዕዱ ዘር ከጣናው ጋር አንዴ ከተዳቀለ በኋላ ደግሞ መልሶ መለየት አይቻልም። በመሆኑም ያለ ፈቃድና ያለ ጥናት ከውጭ ማስገባትን አጥብቄ እቃወማለሁ። የጊፍት ሥራ የተጀመረው ከአፍሪካ ውኃዎች በተሰበሰበ የዱር ዓሣ ነው፤ በሐይቆቻችን ያሉትን ቆሮሶዎች በተመሳሳይ አያያዝ አሳድጎ በዕድገትና በመኖ አጠቃቀም ማወዳደር፣ ከምርጦቹም መነሻ መንጋ ማቋቋም፣ ሰበታ የሚገኘውን የዓሣ ምርምር ማዕከል የመሰሉ ተቋማት ከአርቢዎች ጋር ሆነው ሊሠሩት የሚገባ ተግባር ነው። እስከዚያው ድረስ ጫጩት ሲገዙ ወላጆቹ ከየትኛው ሐይቅ እንደመጡና ስንት ወንድና ሴት እንደነበሩ አቅራቢውን ይጠይቁ።