የፔጅ ካሽ ሎክ፦ ከጎጃም ልጆች ጋር ጥያቄና መልስ

ፔጅ ካሽ ማለት ከርነሉ (የሊኑክስ ዋና ክፍል) ከዲስክ ያነበበውን ፋይል ገጽ በገጽ ሜሞሪ ላይ የሚያቆይበት ነው። ሎክ ደግሞ አንዱ ሲሠራ ሌላው እንዲጠብቅ የሚያደርግ ቁልፍ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ ሰርቨራችን ላይ የፕሮሰሰር ኮር ብንጨምርም ፋይል ማንበቡ አልፈጠነም። ሎክ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ለክተሃል? ፐርፍ (ፕሮሰሰሩ ጊዜውን የት እንደሚያጠፋ የሚለካውን መሣሪያ) ክፈትና ከላይ የተቀመጠውን ፈንክሽን እይ። የስፒንሎክ ስሎውፓዝ (ሎኩ እስኪለቀቅ እየተሽከረከረ የሚጠብቀው ኮድ) ከሆነ ኮሮችህ ሥራ ትተው ሎክ እየጠበቁ ነው። ማን እንደጠራውም ተከተል። ሳይለካ ኮድ አይነካም።

ከባሕር ዳር፦ ሊኑክስ ገጽ በፈለገ ቁጥር የፋይሉን ካሽ ይቆልፋል አይደል?

መልስ፦ አይቆልፍም! ይሄ የድሮ ነገር ነው። ከከርነል 2.6.27 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ፍለጋው በአርሲዩ (አንባቢዎች ሎክ ሳይዙ እንዲያነቡ በሚያስችል የከርነል ዘዴ) ያለ ሎክ ይሄዳል። አንባቢው ገጹን ያገኛል። ገጹን ስንት እንደያዙት የሚቆጥረው የተጠቃሚ ቆጣሪ ዜሮ ካልሆነ አንድ ይጨምርበታል። ከዚያ ገጹ አሁንም እዚያው ቦታ መኖሩን መልሶ ያያል፤ ከሌለ እንደገና ይፈልጋል። ያቺ መልሶ ማየት ናት ሎኩን ያስቀረችው። ሎክ የሚያዘው ገጽ ሲገባና ሲወጣ ነው፤ እሱም የዚያው ፋይል ሎክ ነው። ግን ሁሉም ኮር አንድ ገጽ ላይ ከተረባረበ ቆጣሪው ራሱ ያጨናንቃል።

ከቡሬ፦ የኤልአርዩ ሎክስ?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ዋናው እሱ ነው። ኤልአርዩ ሜሞሪ ሲጠብ የትኛው ገጽ ቀድሞ እንደሚወጣ የሚለይበት ዝርዝር ነው፤ ፋይሉ ቢለያይም ገጾቹ የሚሰለፉበት ይሄ ዝርዝር የጋራ ነው። ስለዚህ አዲስ ገጽ መጀመሪያ በየኮሩ ይጠራቀምና በአንድ ሎክ ይራገፋል። ወፍጮ ቤት ቁና ቁና ይዞ ከመመላለስ ጆንያ ሞልቶ አንዴ መሄድ ነው። በከርነል 5.11 ደግሞ ሎኩ ለየሜሞሪ ሲግሩፑ (እንደ ኮንቴይነር ላለ፣ ሜሞሪው ለብቻው ለሚቆጠር የፕሮግራሞች ቡድን) ተከፋፈለ። ኮንቴይነር በብዛት የምታሄዱ ሰዎች፣ አሮጌ ከርነል ላይ አትቀመጡ።

ከዳንግላ፦ በኦ ዳይሬክት (በካሹ ሳያልፉ ዲስኩን በቀጥታ በማንበብ) ካሹን ብንዘለውስ?

ከፍኖተ ሰላም፦ ዳታቤዝ ሁሉ እንዲያ ነው የሚሠራው።

ከዳንግላ፦ ሁሉም አይደለም፤ ፖስትግሬስ በፔጅ ካሽ ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ለዚያ ነዋ የሚንቀራፈፈው!

መልስ፦ የዳታቤዙን ክርክር ለብቻችሁ ጨርሱት። የራሱ ካሽ የሌለው ፕሮግራም ካሹን ከዘለለ ለእያንዳንዱ ንባብ ዲስክ ይወርዳል። ደግሞስ ለክታችኋል?

ከእንጅባራ፦ ዊንዶውስ ላይስ?

መልስ፦ የዊንዶውስ ሰው ጠይቅ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ የኛ አሁንም ቀርፋፋ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ቀርፋፋ ነው» ብለህ ምን ልመልስልህ? የከርነሉን ቁጥርና የፐርፉን ውጤት አምጣ። የምታነበው አንድ ፋይል ነው ብዙ?

ከደብረ ማርቆስ፦ ማንበቡ ብቻ አይደለም። ሁሉም ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የፕሮግራሙ ሥራ) አንድ የሎግ ፋይል ላይ ይጽፋል።

መልስ፦ ይሄን መጀመሪያ አትነግረኝም? ኢኤክስቲ4 (የሊኑክስ ፋይል ሲስተም) ላይ በካሽ በኩል ሲጻፍ የፋይሉን ሎክ በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ ነው የሚይዘው። ለየትሬዱ የራሱን ሎግ ስጠውና እንደገና ለካ።